የጎዳና ሥዕል፦ የኅብረተሰብ አቤቱታና የተፈጥሮ ውዳሴ በሳኦ ፓውሎ ግድግዳዎች

የጎዳና ሥዕል ማለት በሕንፃ ግድግዳ፣ በአጥር፣ በድልድይ ሥር ወይም ሕዝብ በሚተላለፍበት በማንኛውም ሥፍራ ላይ የሚሠራ፣ ተመልካቹም ያለ ክፍያና ያለ ቀጠሮ የሚያየው የሥነ ጥበብ ሥራ ነው። በሙዚየም ውስጥ ከተሰቀለ ሥዕል የሚለየው በሚገኝበት ሥፍራ ብቻ አይደለም። የሙዚየሙን ሥዕል ተመልካቹ ፈልጎ ይሄድበታል፤ የጎዳናው ሥዕል ግን ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ትምህርት ቤት በሚሄድ ሰው ፊት ድንገት ይደቀናል። በዚህ ምክንያት ሁለት ጥያቄዎች ከጎዳና ሥዕል ተለይተው አያውቁም። አንደኛው ሥዕሉ ምን ይላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ግድግዳው የማን ነው የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በብራዚሏ የሳኦ ፓውሎ ከተማ ታሪክ ይመለከታል። ከተማዋ የተመረጠችው የጎዳና ሥዕል በብዛት ስለሚገኝባት ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳዩ በሕግ፣ በፍርድ ቤትና በአደባባይ ክርክር ተፈትኖ ያለፈባት ስለሆነች ነው። በመጨረሻም በሀገራችን በግድግዳ ላይ ሥዕል ለመሥራት ወይም ለማሠራት የሚፈልጉ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች ተመልክተዋል።

የአጀማመሩ ሁኔታ

ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1985 በወታደራዊ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ጊዜ ተቃውሞን በጋዜጣ መግለጽ አስቸጋሪ ነበር። በመሆኑም ግድግዳ የጋዜጣን ቦታ ያዘ፤ አገዛዙን የሚያወግዙ አጫጭር ቃላት በሌሊት ተጽፈው ጠዋት ይታዩ ነበር። ከዚህ ልማድ በኋላ ላይ ሁለት መንገዶች ወጡ። የመጀመሪያው «ፒሻሳው» የሚባለው ሲሆን፣ ረዣዥምና ሹል ፊደላትን በአብዛኛው በጥቁር ቀለም ከፍ ባሉ ሕንፃዎች ላይ መጻፍ ነው። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው የከተማዋ ዳርቻ ወጣቶች ናቸው፤ ፊደላቱን ለማንበብ የሚችሉትም እነርሱ ራሳቸውና ጓደኞቻቸው ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛው መንገድ በሥዕልና በኅብረ ቀለም ላይ የተመሠረተው ግራፊቲ ነው።

የግራፊቲው መንገድ ቀዳሚ ከሚባሉት ሠዓልያን አንዱ አሌክስ ቫላውሪ ሲሆኑ፣ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1949 በአስመራ ከተማ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥተው በወጣትነታቸው ብራዚል የገቡት እኒህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ካርቶን ላይ ቀለም በመንፋት በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ የሴት ቡትስ ጫማ ይሥሉ ጀመር። ሥዕሉ መፈክር አልነበረውም፤ ቀልድ ነበረው። ሰውን የሚያስፈራ አገዛዝ ባለበት ከተማ ሰውን ፈገግ የሚያሰኝ ሥዕል ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለመገመት አያስቸግርም። ቫላውሪ እ.ኤ.አ. በ1987 አረፉ፤ በብራዚል በየዓመቱ ማርች 27 ቀን፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 18፣ የግራፊቲ ቀን ሆኖ የሚከበረው ለእርሳቸው መታሰቢያ ነው።

ከደን ሕግ ውስጥ የተገኘ የግድግዳ ሕግ

የብራዚል የፌዴራል ሕግ ስለ ግድግዳ ሥዕል የሚደነግገው ብዙዎች በማይጠብቁት ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ ቁጥር 9605 የአካባቢ ጥበቃ ወንጀሎች ሕግ ሲሆን፣ ደንን በእሳት ማቃጠልን፣ የዱር እንስሳትን መግደልንና ወንዞችን መበከልን ይቀጣል። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 65 ደግሞ በሕንፃ ወይም በከተማ ሐውልት ላይ መጻፍና መሣል ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራትና በገንዘብ ያስቀጣ ነበር። የሕግ አውጪው አስተያየት ግልጽ ነው፤ ከተማም እንደ ደን የሰው መኖሪያ አካባቢ ነው፣ ማቆሸሹም ወንጀል ነው የሚል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አደራደር የደን ቃጠሎን በመቃወም ግድግዳ ላይ የሣለ ሠዓሊና ደኑን ያቃጠለው ሰው በአንድ ሕግ ሥር ሊከሰሱ ይችሉ ነበር።

ይህ ሁኔታ በከፊል የተስተካከለው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 የወጣው ማሻሻያ ሕግ ቁጥር 12408 «ግራፊቲ» የሚለውን ቃል ከወንጀሉ ትርጉም አውጥቶ ፒሻሳውን በወንጀልነት አስቀረ። በማሻሻያው መሠረት፣ በግል ንብረት ላይ የባለቤቱን፣ እንደ ሁኔታውም የተከራዩን ስምምነት ያገኘ፣ በመንግሥት ንብረት ላይ ደግሞ የሚመለከተውን አካል ፈቃድ ያገኘና የከተማውን ደንብና የቅርስ ጥበቃ ሥርዓትን ያከበረ ሥዕል ወንጀል አይደለም። በተጨማሪም ስፕሬይ ቀለም ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ በቆርቆሮው ላይም ይህንኑ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ግዴታ ተጥሏል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ሕጉ በሁለቱ መካከል ድንበር ያሰመረው በውበት ሳይሆን በፈቃድ ነው። ፈቃድ ማግኘት የሚችለው ደግሞ በአብዛኛው ስም ያለው፣ ደጋፊ ያለውና የቢሮ በር የሚከፈትለት ሰው ነው። የከተማ ዳርቻው ወጣት ግን አሁንም ከድንበሩ ወዲያ ነው። ይህ ክርክር በብራዚል እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ባዶ የቀሩ ግድግዳዎች

የሳኦ ፓውሎ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 «ንጹሕ ከተማ» የተባለውን ሕግ አውጥቶ ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ አዋለ። በሕጉ መሠረት በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ከከተማዋ ተነሡ። ማስታወቂያዎቹ ሲወርዱ ከሥራቸው መስኮት የሌላቸው፣ አንዳንዶቹ ከአሥር ፎቅ በላይ ከፍታ ያላቸው የሕንፃ ጎኖች ብቅ አሉ። ሠዓልያኑ ከአጥርና ከድልድይ ሥር ወደ ሰማይ ጠቀስ ግድግዳ የተሸጋገሩት ከዚህ በኋላ ነው። ከከተማዋ መሐል የሚያልፈውና ነዋሪዎች «ትልቁ ትል» እያሉ የሚጠሩት ከፍ ያለ የመኪና መንገድ በሌሊትና በሰንበት ለመኪና ሲዘጋ፣ በላዩ ላይ በእግር የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን በእነዚህ ሥዕሎች መካከል ያልፋል።

ሆኖም ከተማዋ በአንድ እጇ የሰጠችውን በሌላው የነሣችበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስ ጄሜዎስ በሚል ስም የታወቁት መንትያ ወንድማማቾች ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ሰፊ ሥዕል በከተማዋ የጽዳት ሥራ ወቅት በግራጫ ቀለም ተሸፈነ፤ ተቃውሞ ሲነሣም እንደገና እንዲሠራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የከተማዋ አዲስ ከንቲባ በ23 ሜይ ጎዳና የሚገኙትን፣ ከእርሳቸው በፊት የነበረው አስተዳደር ከሁለት መቶ በላይ ሠዓልያንን ጋብዞ ያሣላቸውን አብዛኞቹን ሥዕሎች በግራጫ ቀለም አስቀቡ። ጉዳዩ በዚያው ዓመት ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። አስተዳደሩ በበኩሉ በዚያው ጎዳና ግድግዳዎች ላይ ሕይወት ያላቸው ዕፅዋት የሚበቅሉበት ቀጥ ያለ የአትክልት ሥፍራ አስተከለ። የተፈጥሮን ሥዕል አጥፍቶ ተፈጥሮን ራሷን መትከል ጥሩ ምላሽ ነው ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ሌሎች ደግሞ ሐረግ አቤቱታ አያሰማም ሲሉ ተቃወሙ። የጎዳና ሥዕል ዛፍን ከመሣል ያለፈ ተግባር እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አመድና ጭቃ

ሙንዳኖ በሚል ስም የሚታወቁት የሳኦ ፓውሎ ሠዓሊ ሥራቸውን በስፋት ያስተዋወቁት በግድግዳ ሳይሆን በጋሪ ነው። በከተማዋ ወረቀት፣ ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀሙ ለመልሶ መጠቀሚያ የሚሸጡ፣ በእኛ ሀገር ቁራሌው ከምንላቸው ጋር የሚቀራረብ ሥራ ያላቸው በርካታ ጋሪ ጎታቾች አሉ። ሙንዳኖ ጋሪዎቻቸውን በደማቅ ቀለም እየሣሉ የባለጋሪዎቹን ድካም የሚያስታውስ ቃል ይጽፉባቸው ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሥራው ጋሪ መጠገንን ጨምሮ ወደ ሰፊ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ አደገ። አንድ ሺህ ሰው ሳያየው ያልፍ የነበረ ጋሪ ከተሣለ በኋላ መኪና ያስቆም ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 በብሩማዲንዮ ከተማ አቅራቢያ የአንድ የብረት ማዕድን ማውጫ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሙንዳኖ ከአደጋው ሥፍራ ባመጡት ጭቃ ቀለም ሠርተው የሠራተኞችን ፊት በአንድ ሕንፃ ጎን ላይ ሣሉ። የሥዕሉ አቀራረብ የተወሰደው ታርሲላ ዶ አማራል የተባሉት ታዋቂ ብራዚላዊት ሠዓሊት እ.ኤ.አ. በ1933 ከሠሩት የፋብሪካ ሠራተኞች ሥዕል ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ በዓለም በስፋት የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የተጠናቀቀው ነው። በዚያ ዓመት ሠዓሊው የደን ቃጠሎ ወደደረሰባቸው ሥፍራዎች ተጉዘው፣ ከአማዞን፣ ከፓንታናል ረግረግ፣ ከሴራዶ የሣር ምድርና ከአትላንቲክ ደን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ አመድና ከሰል ሰበሰቡ። ይህንኑ ወደ ቀለም ለውጠው ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ በሆነ ግድግዳ ላይ የደን ቃጠሎን የሚከላከል የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ሣሉ። በዙሪያው የተጨፈጨፈ ደን፣ እሳትና የሞቱ እንስሳት ይታያሉ። ግራጫው አመድ ነው፤ ጥቁሩም የተቃጠለ ዛፍ ነው። ሥዕሉ ስለ ደኑ የሚናገር ብቻ ሳይሆን ከደኑ የተረፈው አካል ጭምር ነው ለማለት ይቻላል።

የሰውየው አቋቋም ካንዲዶ ፖርቲናሪ እ.ኤ.አ. በ1934 ከሣሉት «የቡና ሠራተኛው» ከተባለው ሥዕል የተወሰደ ነው። በፖርቲናሪ ሥራ ላይ ዶማ የያዘ ጥቁር ሠራተኛ በሰፊ የቡና እርሻ ፊት ቆሟል፤ በአጠገቡ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ይታያል። መገኛው ሀገራችን የሆነው ቡና ወደ ብራዚል የገባው እ.ኤ.አ. በ1727 እንደሆነ ይነገራል። በኢትዮጵያ በደን ጥላ ሥር የበቀለው ተክል በብራዚል ደን እየተመነጠረ፣ በመጀመሪያ በባሪያዎች ጉልበት፣ ተስፋፋ። ፖርቲናሪ ጉቶውን በሥዕላቸው ውስጥ ያስገቡት ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ሙንዳኖም ከ87 ዓመት በኋላ ያንኑ ጉቶ ወደ ቃጠሎ አሳድገውታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሠዓሊው ከአማዞን ቃጠሎ አመድና በደቡባዊ ብራዚል በዚያው ዓመት ከደረሰው ከባድ ጎርፍ ጭቃ ቀለም ሠርተው በድርቅ የተሰነጠቀ መሬትን ሣሉ። በሥዕሉ ላይ የምትታየው የአማዞን ነባር ሕዝብ ተሟጋችና እ.ኤ.አ. በ2023 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀባይ አሌሳንድራ ኮራፕ ሙንዱሩኩ ነች፤ ሥራውም አንድ ዓለም አቀፍ የእህል ነጋዴ ኩባንያ ደን ላለማጥፋት የገባውን ቃል እንዲጠብቅ በስም የሚጠይቅ ነበር።

ሁሉም የጎዳና ሥዕል በዚህ መንገድ ይሄዳል ማለት አይደለም። ኤድዋርዶ ኮብራ የተባሉት ሌላው የሳኦ ፓውሎ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ለ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ በሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደብ አካባቢ ከ2,600 ካሬ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሥዕል ሠርተዋል። በላዩ የአምስቱን አህጉራት ነባር ሕዝቦች የሚወክሉ አምስት ፊቶች በደማቅ ቀለማት ተሥለዋል፤ አፍሪካን የሚወክለውም በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የሙርሲ ሕዝብ ነው። ይህ የውዳሴ ሥራ ነው።

በሀገራችን ግድግዳ ላይ ለሚሥሉና ለሚያሥሉ

በኢትዮጵያ የግድግዳ ሥዕልን የሚመለከቱ መሠረታዊ መብቶች በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ውስጥ ይገኛሉ። በአዋጁ መሠረት ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ የሥዕል ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሠዓሊው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት፣ ከፈለገም ስሙ እንዳይገለጽ ወይም በብዕር ስም እንዲጠራ፣ እንዲሁም ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ ሁኔታ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት አለው። ይሁንና የሥዕሉ መብትና የግድግዳው ባለቤትነት የተለያዩ ናቸው። ግድግዳው የሌላ ሰው ከሆነ ሥዕሉ የሚቆይበት ጊዜ፣ ባለቤቱ ሕንፃውን ለማደስ ወይም ለማፍረስ ቢፈልግ ምን እንደሚደረግ፣ የሥዕሉን ፎቶግራፍ ለንግድ መጠቀም የሚችለው ማን እንደሆነ ከሥራው በፊት በጽሑፍ መስማማት ይጠቅማል። በትእዛዝ የሚሠራ ሥዕል ከሆነ የመብቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር።

የመንግሥት ንብረት በሆነ ግድግዳ፣ በድልድይ ወይም በመንገድ ዳር አጥር ላይ ለመሣል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የወረዳውን አስተዳደር ጠይቆ ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ማወቅ ይኖርበታል። በጥያቄው ላይ የሥፍራውን አድራሻ፣ የሥዕሉን ንድፍ፣ መጠኑንና የሚወስደውን ጊዜ ማመልከት ሥራውን ያቀላጥፋል። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ወይም መሆኑ ከተጠረጠረ ምንም ዓይነት ቀለም ከመንካቱ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ በአሮጌ ድንጋይና በጭቃ ልስን ላይ የተቀባ ዘመናዊ ቀለም ግድግዳው እርጥበት እንዳያስወጣ አፍኖ ሊጎዳው ይችላል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ሠዓሊው ሥዕሉን ከነዙሪያው በፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቀኑን መዝግቦ፣ የስምምነቱን ቅጂ አብሮ ቢያስቀምጥ መልካም ነው። ግድግዳው አንድ ቀን ግራጫ ሆኖ ቢገኝ በእጁ የሚቀረው ማስረጃ ይኸው ነው። የቅጅ መብትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባሉ።