በመደርደሪያ የቀረ ማስጠንቀቂያ፦ የሕክምና መረጃ ፍለጋ ከቤተ መጻሕፍት እስከ በይነ መረብ



የጤና መረጃ ከቤተ መጻሕፍት ይፈለግ ወይስ ከበይነ መረብ የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። ዛሬ በአንድ አሳዛኝ ታሪክ ልመልሰው እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ2001 በባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አስምን በሚመለከት ጥናት አንዲት የ24 ዓመት ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ ሄክሳሜቶኒየም የተባለ መድኃኒት በትንፋሽ ወሰደች። ሳንባዋ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላም ሕይወቷ አለፈ። ተመራማሪው አስቀድመው መማሪያ መጽሐፍ አገላብጠው፣ ፐብሜድ በተባለው የመረጃ ቋትም ፈልገው ነበር። ሆኖም ቋቱ በዚያን ጊዜ ወደ ኋላ የሚዘልቀው እስከ 1966 ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ለደም ግፊት ይታዘዝ በነበረበት በ1950ዎቹ ግን በሳንባ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚያስጠነቅቁ ጽሑፎች ታትመዋል።

ወሰኑ 1966 ላይ ለምን ቆመ? በ1879 ጆን ሾው ቢሊንግስ የተባሉ የአሜሪካ ጦር ሐኪምና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተሰኘውን የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ማሳተም ጀመሩ። በ1960ዎቹ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር በቅድሚያ የገባው አዲሱ ጽሑፍ እንጂ የቀድሞው አልነበረም። በ1971 ሥራ የጀመረው ሜድላይንና በ1997 ለሕዝብ በነጻ የተከፈተው ፐብሜድ ይህንኑ ወሰን ወረሱ። የቀደመው እውቀት አልጠፋም፤ በወረቀት ጥራዞች ውስጥ ሆኖ ጠያቂ ይጠብቅ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፐብሜድ ራሱ የቤተ መጻሕፍት ልጅ ነው፤ የምንተማመንበትም የመዝጋቢዎች የረጅም ዘመን ድካም ስላለበት ነው። ሁለተኛ፣ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ዛሬ ቋቱ ከ1966 ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ ወሰኑ ራቀ እንጂ አልተነሣም።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በየዩኒቨርሲቲያችን መደርደሪያ ላይ ስለ በሽታዎቻችንና ስለ መድኃኒት ዕፅዋታችን የተጻፉ፣ በማያ ገጽ የማይታዩ የመመረቂያ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ «ቀደምት ጥናት የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የት እንደፈለጋችሁና ፍለጋችሁ ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምር መዝግቡ፤ ከዚያም ተነሥታችሁ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ጠይቁ። የዚያች ወጣት ሕይወት በዚህች ጥያቄ ይተርፍ ነበር ይሆናል።