ዱላና ቁጥር

ኢሶኒያዚድን የምናውቀው በቲቢ መድኃኒትነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ጆን ከርትዝኪ የሚባል ወጣት ሐኪም ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን ሞከረው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቮቹን ሽፋን ያጠቃል፤ እግር ይዝላል፣ ዓይን ይደበዝዛል። የመጀመሪያው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር።

ግን "ተሻለው" ማለት ምን ማለት ነው? በሽታው አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ጋብ ይላል። ስለዚህ ከርትዝኪ በ1955 ከ0 እስከ 10 የሚደርስ የጉዳት መለኪያ አወጣ፤ 10 በበሽታው መሞት ነው። ቀጥሎ በበርካታ ሆስፒታሎች መድኃኒቱ ከማስመሰያ ክኒን ጋር ተነጻጸረ። በ1957 የወጣው ውጤት ኢሶኒያዚድ እንደማይጠቅም አሳየ። መለኪያው የፈጣሪውን ተስፋ ራሱን ጣለ ማለት ነው። እኔ የማከብረውም ለዚህ ነው።

በ1983 ከርትዝኪ ደረጃዎቹን በግማሽ ከፋፈላቸው። 4 ያለ ድጋፍና ያለ ዕረፍት 500 ሜትር ገደማ የሚሄድ ሰው ነው። 6 ደግሞ 100 ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ የሚያስፈልገው። ዛሬም መድኃኒት የሚፈተነው በዋናነት በዚሁ ነው።

እስቲ ይህን ይዘን ጃናሞራ እንውጣ። የስሜን ተራራ አገር ነው፤ 500 ሜትር ሜዳ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ዱላ ደግሞ ጤነኛውም ገበሬ ትከሻው ላይ ያጋድማል። ስለዚህ "ዱላ ይዟል ወይ?" ሳይሆን "ዱላውን ቢቀሙት ይወድቃል ወይ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። በሆስፒታል ኮሪደር 500 ሜትር የሚጨርስ ሰው፣ ቤቱ ሲመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሊያቅተው ይችላል። ቁጥሩ "ደህና ነው" ይላል፤ እሱ ግን ከሰንበት ቀርቷል።

ሌላም አለ። ከ3 ወደ 4 እና ከ6 ወደ 7 መውረድ ሁለቱም "1" ናቸው፤ 7 ላይ ግን ሰውየው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል፦ ቁጥር የሚመስል ሁሉ አይደመርም።

ሥር ለሰደደው በሽታ ደግሞ ድል ማለት መሻል ላይሆን ይችላል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ኦክረሊዙማብ ከመነሻው ቀስ በቀስ ለሚብሰው ዓይነት ሲፈቀድ፣ ጥናቱ በዋናነት የጠየቀው "ስንቱ ባሰበት? ብሶ 12 ሳምንት ቆየ ወይ?" ብሎ ነበር። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ መባሱ ቀነሰ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የሰውየው መንገድም ይጻፍ፦ የትኛው ዳገት፣ ስንት ዕረፍት፣ በዱላ ወይስ ያለ ዱላ። አምና የወጣውን ዘንድሮም ከወጣ፣ "ለውጥ የለም" ብሎ ማለፍ ትልቅ ወሬ መዝለል ነው።