የባሕር ዓሣና የሕዝብ ስብሰባ

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ስብሰባ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። አጀንዳው ይነበባል፤ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፤ ከዚያም ክርክሩ ይከተላል። በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ስብሰባ በሥነ ሥርዓቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚለየው በጉዳዩ ነው። የሚከራከሩበት ሀብት በውቅያኖስ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ዓሣ ስለ ሆነ ማንም አንድ በአንድ ሊቈጥረው አይችልም። ለመፍረድ ከተቀመጡትም ሰዎች ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከዚያው ዓሣ ነው። ባለጉዳዩና ዳኛው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ምን ይሆናል? የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ረጅም መልስ አለው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በቀድሞ ዘመን የባሕር ዓሣ ባለቤት አልነበረውም። የሆላንዱ የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮሽየስ በ1609 በታተመው መጽሐፉ፥ ባሕር ለመንገድም ለዓሣ ማጥመድም ለሰው ሁሉ የሚበቃ ስለ ሆነ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይገባም ብሎ ተከራከረ። በ1883ም በሎንዶን በተደረገው የዓሣ ኤግዚቢሽን ላይ ስመ ጥሩው የእንግሊዝ የተፈጥሮ ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ፥ ታላላቆቹ የባሕር ዓሣ ሀብቶች በሰው እጅ የሚያልቁ አይደሉም የሚል አሳብ ሰጠ። እርግጥ ነው፤ ሃክስሊ የተናገረው በዘመኑ ስለ ነበረው የማጥመጃ መሣሪያ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ግን ተስፋውን ያዙና ገደቡን ረሱት።

ከማሳቹሴትስ ግዛት፥ ከኬፕ ኮድ በስተ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጆርጅስ ባንክ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙን ሰምቶ የገንዘብ ቤት የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ከውቅያኖሱ ወለል ከፍ ብሎ የተነሣ፥ ውኃ የሸፈነው ሰፊ አምባ ነው። ውኃው እምብዛም ጥልቅ ስላልሆነ የፀሐይ ብርሃን ይደርስበታል፤ ለዓሣ ምግብ የሚሆነው ረቂቅ ፍጥረትም በብዛት ይራባበታል። ኮድና ሃዶክ የተባሉት ዓሦች ከዚህ ስፍራ ለዘመናት ሲጠመዱ ኖረዋል። የአገሩ ሰዎች ብልጽግናቸው ከኮድ የመጣ መሆኑን ስለሚያውቁ፥ በቦስተን ከተማ የግዛቲቱ ሕዝብ እንደራሴዎች በሚሰበሰቡበት ምክር ቤት ከእንጨት የተቀረጸ ኮድ ከ1784 ጀምሮ ተሰቅሎ ይኖራል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች «ፌርትራይ» የተባለች አዲስ ዓይነት መርከብ ወደ ባሕር አወረዱ። ይህችም መርከብ ዓሣውን አጥምዳ፥ እዚያው ቈራርጣ፥ እዚያው በበረዶ ቤት የምታስቀምጥ ተንሳፋፊ ፋብሪካ ነበረች። ሶቪየት ኅብረት ፈጥና እርሷን የመሰሉ ብዙ መርከቦች አሠራች። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሶቪየት፥ የምሥራቅ ጀርመን፥ የፖላንድ፥ የስፔንና የሌሎችም አገሮች መርከቦች ጆርጅስ ባንክን ወረሩት። በ1965 ከዚያ የወጣው ሃዶክ 150,000 ቶን ያህል ደረሰ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ከዚህ ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ የሚገኝ አልሆነም።

በዚያ ጊዜ ባሕሩን ይቈጣጠር የነበረው በ1949 በዋሽንግተን በተፈረመው ውል የተቋቋመው የሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ የዓሣ ኮሚሽን ነው። በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ የሚናገሩትም የመንግሥታት መልእክተኞች ናቸው፤ ውሳኔውን ያልወደደ መንግሥት ተቃውሞውን በጽሑፍ ካስታወቀ ውሳኔው አይጸናበትም። ከግሎስተርና ከኒው ቤድፎርድ ወደብ በትንሽ መርከብ የሚወጣው ሰው ግን የባዕድ ፋብሪካዎች በደጃፉ ሲያልፉ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም።

ይህ ቅሬታ በመጨረሻ ሕግ ወለደ። ከማሳቹሴትስ የሕዝብ እንደራሴው ጌሪ ስታድስ፥ ከዋሽንግተን ግዛት የሕግ መወሰኛ አባሉ ዋረን ማግነሰን፥ ከአላስካም ቴድ ስቲቨንስ ደከሙለት፤ ፕሬዚዳንት ፎርድም ሚያዝያ 13 ቀን 1976 ፈረሙበት። ከመጋቢት 1 ቀን 1977 ጀምሮ ከጠረፉ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለው ዓሣ በአሜሪካ ሥልጣን ሥር ሆነ።

ባዕዳኑን ማስወጣት የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነበር። አስቸጋሪው ነገር፥ ባዕዳኑ ከወጡ በኋላ የአገሩን ሰው ማን ያስተዳድረው የሚለው ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከዋሽንግተን በሚመጣ የሹም ትእዛዝ መገዛትን አልፈለጉም። ስለዚህ ሕጉ የአገሪቱን ባሕር ስምንት ላይ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የዓሣ አስተዳደር ጉባኤ አቆመ። የኒው ኢንግላንድ ጉባኤ ዛሬ ድምፅ የሚሰጡ 18 አባሎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ የማዕከላዊው መንግሥት ሹም ነው፤ አምስቱ የአምስቱ ግዛቶች የዓሣ ጉዳይ ኃላፊዎች ናቸው፤ የቀሩትን 12 የየግዛቱ ገዥዎች አቅርበው የንግድ ሚኒስትሩ ይሾማቸዋል። ከነዚህ ከተሿሚዎቹ ብዙዎቹ ባለመርከቦች፥ ዓሣ ነጋዴዎችና ዓሣ አጥማጆች ሆነው ኖረዋል። ጉባኤው ያወጣው ፕላን ሥራ ላይ የሚውለው ሚኒስትሩ ሲያጸድቀው ነው።

የስብሰባውን ነገር ሕጉ በዝርዝር ደነገገ። ጊዜውና ቦታው አስቀድሞ በማስታወቂያ መነገር አለበት፤ በሩ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ጉዳዩ የሚነካው ማንኛውም ሰው አሳቡን በቃልም ሆነ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ቃለ ጉባኤውም ተጽፎ ይቀመጣል። የመንግሥት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ አይስተውም። ስብሰባው የሚደረገው እንደ ፖርትላንድ፥ እንደ ኒውፖርት፥ እንደ ሚስቲክ ባሉ የጠረፍ ከተሞች በሆቴል አዳራሽ ነው። የጎማ ጫማውን ያወለቀ መርከበኛ ከሳይንስ ሊቅ ቀጥሎ ተራውን ይዞ በድምፅ ማጉያው ፊት ይቆማል። የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚናገረውም ስለ መርከቡ ዕዳና ስለ ልጆቹ ነው።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ? ጉባኤው በ1977 ለኮድ፥ ለሃዶክና ቢጫ ጅራት ላለው ጠፍጣፋ ዓሣ ኮታ ወሰነ። ኮታው በጥቂት ወራት አለቀ። በዚያው ወራት የመርከቡ ቍጥር ይበዛ ነበር፤ መንግሥት ለመርከብ ብድር ዋስ ስለ ሆነና ግብርም ስላቃለለ፥ ባዕዳኑ የለቀቁትን ቦታ የአገሩ ሰው በአዲስ ብረት መርከብ ሞላው። አንዱ የመንግሥት እጅ «ቀንሱ» ሲል ሌላው «ጨምሩ» ይል ነበር ማለት ነው። ዓሣው በሌሊት ተራገፈ፤ ኮድ ሆኖ ሳለ በሌላ ስም ተመዘገበ፤ ከአንዱ ስፍራ የተጠመደው ከሌላ ስፍራ እንደ መጣ ተጻፈ። በየስብሰባው የሚሰማው እሮሮ እየበረታ ሄደና በ1982 ጉባኤው ኮታውን ጨርሶ አነሣው። በምትኩ የመረቡ ዓይን ሰፋ እንዲል፥ ትንንሽ ዓሦች እንዳይሸጡ፥ አንዳንድ ስፍራዎችም ለጊዜው እንዲዘጉ ብቻ አዘዘ።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ይህን ውሳኔ የሰጡትን ሰዎች ስግብግቦች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን እንዲህ አልፈርድም። በፊትህ የቆመው ጎረቤትህ፥ ይህ ኮታ ከጸና መርከቤ በባንክ ይወሰዳል ብሎ ሲነግርህ፥ በሌላ ወገን ደግሞ በወረቀት ላይ ያለው ግምት እንዲህ ካላደረግህ ከአምስት ዓመት በኋላ ዓሣ አይኖርም ሲልህ፥ ከሁለቱ የትኛው ይሰማሃል? ጎረቤትህ ፊትና ድምፅ አለው፤ ግምቱ ግን ቍጥር ነው፤ ቍጥሩም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ስብሰባው በየጊዜው ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ግማሽ መንገድ መሄድ በሰዎች መካከል ለሚነሣ ጠብ ደግ ነው፤ ዓሣው ግን እርቁን የፈረመ ወገን ስላልሆነ ከሚራባው በላይ በተጠመደ መጠን መቀነሱን ቀጠለ።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት የሄደው በ1991 ነው። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ማኅበር የሆነው የኮንሰርቬሽን ሎው ፋውንዴሽን፥ የንግድ ሚኒስቴር ዓሣው ከመጠን በላይ ሲጠመድ ዝም ብሎ ፕላኑን አጽድቋል ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ በ1994ም ጠንከር ያለ ደንብ ወጣ። ይሁን እንጂ ደንቡ ከመድረሱ በፊት ዓሣው ተሟጥጦ ነበርና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር 17,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ባሕር በአስቸኳይ ትእዛዝ ተዘጋ። አሥራ ሰባት ዓመት የተሰበሰበው ጉባኤ ሊያደርገው ያቃተውን ባዶ መረብ አደረገው።

ይህን የሚሰማ ሰው፥ እንግዲያው ለሕዝብ የተከፈተ ስብሰባ ከንቱ ነው፤ ሥልጣኑ ለሹማምንትና ለሊቃውንት ይሰጥ ይል ይሆናል። እንዲህ ከማለቱ በፊት ወደ ጎረቤቲቱ ወደ ካናዳ ይመልከት። በካናዳ እንዲህ ያለ ጉባኤ አልነበረም፤ የኮድን ኮታ የሚወስነው በኦታዋ የተቀመጠው ሚኒስትር ነበር፤ የራሱም የሳይንስ ሊቃውንት ነበሩት። በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ በትንሽ ጀልባ የሚያጠምዱ ሰዎች በ1980ዎቹ ዓመታት ዓሣው እየቀነሰ፥ መጠኑም እያነሰ መሄዱን ደጋግመው አመለከቱ። የሊቃውንቱ ግምት ግን ከታላላቆቹ መርከቦች በሚመጣው አኀዝ ላይ ተመርኵዞ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 1992 ሚኒስትር ጆን ክሮስቢ ኮድ ማጥመድ መከልከሉን አስታወቁ፤ 30,000 ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። በአንዱ አገር ስብሰባው ሊቃውንቱን አልሰማም፤ በሌላው አገር ሊቃውንቱ ዓሣ አጥማጁን አልሰሙም፤ ኮዱም በሁለቱም አገር አለቀ።

ወደ ኒው ኢንግላንድ እንመለስ። መርከበኞቹ የሚናገሩት ሁሉ ሰበብ እንዳልነበረ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በ2002 የሆነው ነው። «አልባትሮስ 4ኛ» የተባለችው የመንግሥት የምርምር መርከብ መረቧን በሁለት የብረት ገመዶች ትጎትት ነበር። ሥራቸው መረብ መጎተት የሆነ ሰዎች ሁለቱ ገመዶች እኩል እንዳልሆኑ አስተዋሉ፤ ተመርምሮም የርዝመቱ ምልክት ከ2000 ጀምሮ ተዛብቶ መቈየቱ ተረጋገጠ። ነገሩ በስብሰባዎቹ ላይ ምን ያህል ቍጣ እንዳስነሣ መገመት አያዳግትም። በኋላ የተደረገው ፈተና ስሕተቱ ግምቱን ብዙ እንዳልለወጠው ቢያመለክትም፥ መንግሥት መርከበኞች ያሉበት አማካሪ ቡድን ለማቋቋም ተገደደ፤ «ሄንሪ ቢግሎ» የተባለችው አዲሲቱ የምርምር መርከብ የምትጎትተውን መረብም ይኸው ቡድን አብሮ መረጠ።

ሁለተኛው የስካሎፕ ጉዳይ ነው። ስካሎፕ በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ ሲሆን በአሜሪካ ገበያ ውድ ዋጋ አለው። ባሕሩ ከተዘጋ ከአራት ዓመት በኋላ፥ አጥማጆቹ በተዘጋው ስፍራ ስካሎፕ ሞልቷል እያሉ ይከራከሩ ጀመር። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በዳርትመዝ የሚሠሩት ኬቪን ስቶክስበሪ ከአጥማጆቹ ጋር ሆነው፥ በእነርሱው መርከብ፥ ካሜራ ወደ ባሕሩ ወለል እያወረዱ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ስካሎፑም አንድ በአንድ ተቈጠረ። በ1999 ከተዘጋው ስፍራ ከፊሉ በተወሰነ መጠን እንዲከፈት ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የኒው ቤድፎርድ ወደብ በዓሣ ሀብት ዋጋ ከአገሪቱ ወደቦች ሁሉ ለብዙ ዓመታት አንደኛ ሆኖ የቈየው ከሁሉ ይልቅ በዚህ በስካሎፕ ነው።

በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፥ በአላስካ፥ ያው ሕግ ሌላ ፍሬ አፈራ። የሰሜን ፓሲፊክ ጉባኤ ሊቃውንቱ ከሚፈቅዱት በላይ ኮታ አለመስጠትን ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልማድ አደረገው። በቤሪንግ ባሕርና በአልዩሺያን ደሴቶች ዙሪያ በውኃው ወለል አካባቢ ከሚኖሩት ዓሦች በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ እንዳይወጣም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወሰነ። በዚያም ስብሰባው ጸጥ ያለ ነው ማለት አይደለም። በዩኮን ወንዝ ዳር የሚኖሩ የአገሬው ተወላጆች፥ ሳልሞናቸው በታላላቆቹ መርከቦች መረብ ሳይታሰብ እየገባ ያልቃል ብለው፥ ሩቅ መንገድ መጥተው በጉባኤው ፊት ይከራከራሉ። ሙግቱ ግን የድርሻ ሙግት ነው፤ የጠቅላላው መጠን ግን በጭብጨባ አይጨምርም።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ይህን ልማድ በ2006 መጨረሻ ለሁሉም ጉባኤዎች ግዴታ አደረጉት፤ ሕጉም በጥር 2007 ተፈረመ። እያንዳንዱ ጉባኤ የሊቃውንት ኮሚቴ አለው፤ ኮሚቴው ከፍተኛውን መጠን ይነግራል፤ ጉባኤው ከዚያ በታች መወሰን ይችላል፥ ከዚያ በላይ ግን አይችልም። ዓሣ አጥማጁ ዛሬም በድምፅ ማጉያው ፊት ይቆማል፤ ነገር ግን ሊከራከር የሚችለው ድርሻው ለማን፥ በምን መሣሪያ፥ በየትኛው ወራት ይሁን በሚለው ላይ ነው። በእኔ ግምት ለሰላሳ ዓመት የጠፋው ይህ አንድ መስመር ነበር።

ለሃዶክ መስመሩ ጠቀመው፤ በጆርጅስ ባንክ እንደ ገና በዛ። ለኮድ ግን ዘግይቶ መጣ። በ2014 የተደረገው ምርመራ በሜይን ባሕረ ሰላጤ ያለው ኮድ ሊኖር ከሚገባው መጠን ከመቶ 3 ወይም 4 እጅ ብቻ መሆኑን ገለጸ። የባሕረ ሰላጤው ውኃ መሞቅም ቀዝቃዛ ውኃ ለሚወደው ለዚህ ዓሣ ሌላ ጠላት ሆኖበታል። የኮድ ነገር አሁንም በጉባኤው አጀንዳ ላይ ይቀርባል፤ ሰብሳቢውም አሳብ ያለው ይቅረብ ይላል። ከኮድ ይተዳደሩ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ መርከባቸውን ሸጠዋልና፥ በዚያ ጉዳይ ተነሥተው የሚናገሩት ከቀድሞው ይልቅ ጥቂቶች ናቸው።