ኤሊዋን ያስተማሩ ልጆች

ልጅ ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች «ይሄ ኮዲንግ የሚሉት አዲስ ነገር ለሕፃን አይከብድም ወይ?» ይሉኛል። የምመልስላቸው ሁሌም አንድ ነው፤ ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ከእኔም በዕድሜ ይበልጣል። በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ቦልት በራኔክ ኤንድ ኒውማን በሚባል የምርምር ድርጅት ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች ለልጆች የታሰበ የኮምፒውተር ቋንቋ ሠሩ። ስሙን ሎጎ አሉት። ሠሪዎቹ ዎሊ ፎይርዛይግ፣ ሲንቲያ ሰለሞን፣ ዳንኤል ቦብሮውና ሲሞር ፓፐርት ነበሩ። ያኔ ኮምፒውተር ማንም ቤቱ የማያስገባው፣ አዋቂውም ወረፋ ጠብቆ የሚጠቀምበት ዕቃ ነው። እሱን ለአምስተኛ ክፍል ልጅ እንስጥ ማለት ምን ያህል እብደት ይመስል እንደነበር ማሰብ ነው።

ከአራቱ ስሙ ጎልቶ የወጣው ፓፐርት ነው። በ1928 ፕሪቶሪያ ተወለደ፣ የሒሳብ ሰው ሆነ፣ ከዚያ ጄኔቭ ሄዶ ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ሲያጠና ከኖረው ከዣን ፒያዤ ጋር ለዓመታት ሠራ። አሜሪካ ሲመጣ ኮምፒውተርን ለትምህርት እናውል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሐሳባቸው ግን ማሽኑ ይጠይቅ፣ ልጁ ይመልስ፣ ማሽኑ ልክ ወይም ስህተት ይበል የሚል ነበር። ፓፐርት ገለበጠው። ልጁ ያዝዝ፣ ማሽኑ ይታዘዝ፤ ልጁ አስተማሪ፣ ማሽኑ ተማሪ ይሁን አለ። በ1980 ያሳተመው «ማይንድስቶርምስ» የተባለው መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ይህንኑ ነው የሚከራከረው። እኔም የዚህን ሙያ ታሪክ የምለካው በዚህችው ጥያቄ ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ አዛዡ ማን ነው?

በሎጎ ልጁ የሚያዛት ማሽን «ኤሊ» ትባላለች። የመጀመሪያዋ ኤሊ ወለል ላይ የምትሄድ፣ በሽቦ ከኮምፒውተር የተያያዘች፣ ሆዷ ሥር እስክሪብቶ ያለባት ሮቦት ነበረች። ኋላ ወደ ስክሪን ገባች። ወደፊት 100፣ ቀኝ 90፣ ይህን 4 ጊዜ ድገሚ ሲባል አራት ማዕዘን ትሥላለች። እስከዚህ ማንም አይቸገርም። ሦስት ማዕዘን ላይ ግን ልጅ ሁሉ እዚያችው ቦታ ይሰናከላል። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው ተብሎ ተምሯል፤ ስለዚህ ወደፊት 100፣ ቀኝ 60 ብሎ 3 ጊዜ ያዛል። ኤሊዋም ሦስት መስመር አስምራ፣ ቅርጹን ሳትዘጋ ቀጥ ትላለች። የሣለችው የባለ ስድስት ጎን ግማሽ ነው። «ቲቸር፣ ተበላሽታለች!» ይሉኛል።

አልመልስላቸውም። ወንበሩን ጥግ አስይዘን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሦስት ማዕዘን አሰምርና አንዷን ተማሪ መስመሩን ይዛ እንድትሄድ አደርጋለሁ። ጥጉ ላይ ደርሳ ስትዞር ክፍሉ ሁሉ ያያታል፤ የዞረችው የውስጡን 60 ሳይሆን የውጪውን 120 ነው። ሦስት ጊዜ 120 ደግሞ 360፣ ማለትም ፊቷ ወደ ጀመረችበት ተመልሷል። ፓፐርት ልጁ ራሱን በኤሊዋ ቦታ አድርጎ እንዲያስብ ይፈልግ የነበረው ለዚህ ነው። የመምህር ማሠልጠኛ ውስጥ ስለ ውጫዊ ማዕዘን የተማርኩት ሁሉ ተደምሮ የዚችን ልጅ አንድ ዙር አያህልም።

እግረ መንገዴን አንዲት ሴት ላንሳ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኤምአይቲ ተማሪ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ገና ማንበብ ላልጀመሩ ሕፃናት የሚሆን መሣሪያ ሠርታ ነበር። ልጁ ትእዛዝ የተሣለባቸውን ካርዶች በመደዳ ይሰካል፤ ቁልፉን ሲጫን ኤሊዋ በካርዶቹ ቅደም ተከተል ትንቀሳቀሳለች። ፐርልማን ዛሬ የምትታወቀው በኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራዋ ስለሆነ ይህን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አስታውሳታለሁ። ያን ቀን ከካርቶን የተቆረጡ፣ ትእዛዝ የተጻፈባቸው ብሎኮች ዴስክ ላይ ይደረደራሉ፤ አንዱ ልጅ ያነባል፣ ሌላው ኤሊ ሆኖ ይሄዳል።

1980ዎቹ የመንግሥታት ዘመን ነበሩ። በ1982 አፕል ኮምፒውተሮችና ሎጎ በፈረንሳይ መንግሥት ድጋፍ ዳካር፣ ሴኔጋል ደረሱ። በ1985 ደግሞ ፈረንሳይ ራሷ 120,000 ገደማ ማሽኖች ለትምህርት ቤቶቿ ገዛች። መምህራኑ በዕረፍት ጊዜያቸው የጥቂት ቀናት ሥልጠና ወሰዱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕቅዱ ቀዘቀዘ። ኮስታ ሪካ የፈረንሳይ ሀብት አልነበራትም። በ1988፣ በፕሬዚዳንት ኦስካር አሪያስ ዘመን፣ በኦማር ዴንጎ ፋውንዴሽን በኩል ሎጎን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ስታስገባ መምህራኑን ማዕከል አደረገች፤ ሥራውም ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። የእነዚህን ሁለት አገሮች ታሪክ ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ኮምፒውተር ግዥ ላይ ቢያንስ ትንሽ ይጠነቀቃል ብዬ አስባለሁ።

የእኛን አገር ያየን ደግሞ ፕላዝማን አንረሳም። በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው ቴሌቪዥን ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ያመጣ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ያለ ማቋረጥ። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ተማሪው ደብተሩን ሳይገልጥ ያልፋል። መምህሩ ማብሪያና ማጥፊያ ይጫናል። ፓፐርት የገለበጠው ነገር ተመልሶ ተገለበጠ ማለት ነው፤ አዛዡ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

ከአራት ዓመት በኋላ ተቃራኒው መጣ። 5,000 ገደማ የሚሆኑ ኤክስኦ የተባሉ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ልጆች ታደሉ። ውስጣቸው የፓፐርት ኤሊ በብሎክ መልክ ተቀምጣለች፣ ኢቶይስ የተባለው የልጆች ፕሮግራሚንግ ሶፍትዌር፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የአለን ኬይ ቡድን ሥራም አለ፤ ካሜራና ማይክሮፎን ሳይቀር ተገጥሞላቸዋል። ልጆቹ ወዲያው ካሜራውን አገኙ። መምህራኑ ግን መሣሪያውን ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የሚያገናኙበት መንገድ በበቂ ስላልተሰጣቸው ብዙዎቹ እንደ መጫወቻ ቆጠሩት። እኔ አልፈርድባቸውም። ክፍሉ ሞልቶ፣ ምዕራፉ ሳያልቅ፣ ልጁ ሁሉ ጓደኛውን ፎቶ ሲያነሳ ቆሞ የሚያጨበጭብ መምህር የለም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ፎቶውን ተረት ለማድረግ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር እዚያው ማሽን ላይ ነበር።

ፎቶ፣ ድምፅና ሙዚቃ ከፕሮግራሚንግ ጋር የተጋቡት በትምህርት ቤት አይደለም። በ1993 ቦስተን፣ ኮምፒውተር ሙዚየም ውስጥ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለሚመጡ ልጆች «ኮምፒውተር ክለብሀውስ» የሚባል ቦታ ተከፈተ። እዚያ የሚመጡት ልጆች አራት ማዕዘን መሣል አላማራቸውም፤ ካርቱን፣ ዘፈንና ጌም መሥራት ነው የፈለጉት። የፓፐርት የሥራ ባልደረባ የነበረው ሚቸል ሬዝኒክና ቡድኑ ይህን አይተው በ2003 ስክራችን መሥራት ጀመሩ፤ በ2007 ለሕዝብ ወጣ። ትእዛዙ በኪቦርድ አይጻፍም፤ ብሎክ እየተጎተተ ይገጣጠማል። የብሎኩ ቅርጽ ራሱ ሰዋስው ነው። መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው ብሎክ አናቱ ጉብ ያለ ስለሆነ ከላዩ ምንም አይገባም፤ ባለ ሹል ጫፉ ቦታ ቁጥር የሚይዘውን ክብ ብሎክ አይቀበልም። ሎጎ ላይ አንድ ፊደል የተሳሳተ ልጅ የስህተት መልእክት ይመጣበት ነበር፤ ገና የእንግሊዝኛ ፊደል ኪቦርድ ላይ ለሚፈልግ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ያ ድርብ ሸክም ነው። በ2019 የወጣው ስክራች 3 የአማርኛ ምርጫ ስላለው ይህም ቀሏል። እኛ ግን ኮምፒውተሮቻችን ስላረጁ አሁንም የቆየውን ስክራች 1.4ን በፍላሽ ገልብጠን፣ ያለ ኢንተርኔት ነው የምንሠራው።

ዘንድሮ የአራተኛ ክፍል ልጆች የጅብና የአህያ ተረት እየሠሩ ነው። ጅቡን ወረቀት ላይ ሥለው በስልክ ፎቶ አንስተው አስገቡት፤ ድምፁን ራሳቸው ቀረጹ። መጀመሪያ ጅቡም አህያዋም እኩል ማውራት ጀመሩ። «3 ሰከንድ ጠብቅ» የሚለውን ብሎክ አስገቡና ተስተካከለ። በማግስቱ የጅቡን ድምፅ ረዘም አድርገው ሲቀርጹት የተረቱ ሰዓት ሁሉ ተዛባ፤ እንደገና ቆጠራ፣ እንደገና ጭቅጭቅ። መልእክት የሚያስተላልፈውን ብሎክ ያሳየኋቸው ያኔ ነው። ጅቡ ንግግሩን ሲጨርስ መልእክት ይልካል፤ አህያዋ ያ መልእክት ሲደርሳት ትመልሳለች። ሰከንድ መቁጠር ቀረ።

ይህቺ ብሎክ የዘር ሐረግ አላት። አለን ኬይ በ1968 ፓፐርትን ሄዶ አይቶ፣ ልጆች በኮምፒውተር የሚሠሩትን ተመልክቶ ነው ለልጅ የሚሆን ኮምፒውተር ማለም የጀመረው። ከዚያ በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ስሞልቶክን ሠራ፤ ፕሮግራም ማለት እርስ በርስ መልእክት የሚላላኩ አካላት ስብስብ ነው የሚል ቋንቋ። እኛ በፍላሽ የምናዞረው ስክራች 1.4 ራሱ የተጻፈው የስሞልቶክ ዝርያ በሆነው ስኩዊክ ነው። ጅቡና አህያዋ ይህን አያውቁም፤ ልጆቹም ገና አልነገርኳቸውም።

የቀራቸው ክርክር መጨረሻው ላይ ነው። ግማሹ ክፍል ጅቡ ይብላት ይላል፣ ግማሹ ታምልጥ ይላል። ተመልካቹ ቁልፍ ተጭኖ ይምረጥ ብለው ተስማምተው «ከሆነ» የምትለዋ ብሎክ የት እንዳለች ሊጠይቁኝ መጥተዋል።