ስለ 5ኛው የህንድ እግረኛ ክፍለ ጦርና ስለ አምባላጌ ውጊያ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ማኅበራችን ሥራና ስለ ኑሯችን ነው። እኛ ደግሞ ዘንድሮ ከአገራችን ከላስታ ብዙም ሳይርቅ ስለተደረገ አንድ ውጊያና በውጊያው ላይ ስለዋለ አንድ የእንግሊዝ መንግሥት ክፍለ ጦር ጥቂት ለማለት ወደድን። ነገሩ የቆየ ነው። ቢሆንም ሞትንና መቃብርን የሚነካ ስለሆነ ለእድር ሰው ባዕድ አይሆንም።

ሚያዝያ 27ን ሁላችንም እናውቃለን። በ1933 ዓ.ም. በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ታዲያ በዚያው ቀን ከእኛ በስተሰሜን፣ ከማይጨው ወዲያ፣ በአምባላጌ ተራራ ላይ ሰው ገና በጥይት ይወድቅ ነበር። ጠላት እዚያ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ቀን ነው። ጎንደርማ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ ነፃ አልወጣችም። እንግዲህ በእኛ አካባቢ ጦርነቱ በአንድ ቀን አላበቃም ማለት ነው።

በአምባላጌ ዋናውን ውጊያ የተዋጋው 5ኛው የህንድ እግረኛ ክፍለ ጦር ይባላል። ያን ጊዜ ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች የጦሩ አዛዦች እንግሊዞች ነበሩ። ክፍለ ጦሩ 9ኛ፣ 10ኛና 29ኛ የሚባሉ 3 ብርጌዶች ነበሩት። በየብርጌዱም የእንግሊዝና የህንድ ሻለቆች አንድ ላይ ተሰልፈዋል። ከህንዶቹ መካከል የፑንጃብ፣ የማራታና የጋርዋል ሰዎች ነበሩ፤ ሂንዱውም፣ ሙስሊሙም፣ ሲኩም ባንድነት ይዋጋ ነበር። ምልክታቸው በጥቁር ላይ ያረፈ ቀይ ክብ ነው።

ይህ ክፍለ ጦር በ1933 ዓ.ም. መባቻ ላይ ሱዳን ገባ። ጥቅምት 27 ቀን 10ኛው ብርጌድ፣ ኋላ በበርማ ጦርነት ስማቸው በገነነው በዊልያም ስሊም አዛዥነት፣ ከመተማ ፊት ለፊት ያለችውን ጋላባትን ያዘ። መተማን ግን ሊይዝ ስላልቻለ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በከሰላ በኩል ወደ ኤርትራ ዘለቀ። ከረን ላይ ከ4ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ጋር ሆኖ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 ቀን ድረስ ተዋጋ። ዶሎጎሮዶክ የተባለውን የተራራ ምሽግ የያዘው ይኸው 5ኛው ክፍለ ጦር ነበር። በከረን ከህንድና ከእንግሊዝ ወታደሮች ከ500 በላይ ሞቱ፣ ከ3,000 በላይም ቆሰሉ።

ከከረን በኋላ የኢጣሊያኑ እንደራሴ ዱክ ዳኦስታ ሠራዊቱን ይዞ አምባላጌ ላይ መሸገ። ተራራው ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በ1888 ዓ.ም. የእኛ አባቶች ሜጀር ቶሰሊን ድል ያደረጉበት ስፍራ ይኸው ነው። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሜይን ባንድ ወገን በምሥራቅ በፈላጋ በር የሚያጠቁ አስመሰሉ። ሚያዝያ 25 ለ26 አጥቢያ 29ኛው ብርጌድ በሌላው ወገን በጨለማ ወጥቶ 3 ጉብታዎችን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ግን ሽቦው፣ መትረየሱና ገደሉ አላራምድ አለው።

በዚህ መካከል የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ይዞ ነበርና በወልዲያና በቆቦ ጎዳና አድርጎ ከደቡብ ደረሰ። የራስ ሥዩም መንገሻ አርበኞችም ጠላትን ያዋክቡ ጀመር። ጠላት በአራቱም ማዕዘን ተከበበ። የነዳጅ ማከማቻው በመድፍ ተመትቶ ነዳጁ ከሚጠጡት ውኃ ጋር ስለተቀላቀለ ጥማቱም ጸናበት። በመጨረሻ ዱክ ዳኦስታ 5,000 ያህል ሰው ይዞ እጁን ሰጠ።

ይህ ሁሉ ሲነገር የእኛ ሰዎች ድርሻ እንዳይዘነጋ። ህንዶቹ ከመምጣታቸው አስቀድሞ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው ጠላትን ወግተዋል። በመስከረም 1930 ዓ.ም. በተሠዉ ጊዜ ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። ጠላት እንዲህ እየተዋጋ 5 ዓመት ስለኖረ እንግሊዝና ህንድ ሲመጡ ያገኙት የደከመ ጠላት ነው። ህንዶቹም ቢሆኑ የገዛ አገራቸው ነፃነት ሳይኖራት ለሰው አገር ነፃነት ሞቱ። እነሱ ነፃ የወጡት ነሐሴ 9 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ እድራችን ነገር እንመለስ። እንግሊዞች በ1909 ዓ.ም. የጦር መቃብሮችን የሚጠብቅ ኮሚሽን አቋቁመዋል። ዛሬ በኤርትራ ከረን ከ400 በላይ መቃብሮች በሥርዓት ተደርድረው ይገኛሉ። በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለው ሂንዱዎችና ሲኮችም ስማቸው የተጻፈበት መታሰቢያ እዚያው ቆሞላቸዋል። ስሙ ያልታወቀው ወታደር እንኳ ድንጋይ አልተነፈገም። ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ከህንድ ቢመጣ አባቴ የት ነው ብሎ አይቸገርም።

እኛስ? በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ የብዙ ሰው አጽም እንዳለ ታውቃላችሁ። ከሩቅ አገር መጥተው የቀሩ ምዕመናን ናቸው ይባላል፤ የያንዳንዳቸውን ስም ግን የሚነግረን የለም። ከላስታ ወጥተው በየዱሩ የወደቁ አርበኞችም ነገር ወደዚያው እየሄደ ነው። ያዩት ሽማግሌዎች አልፈዋል፤ አሁን የቀረው ከልጅና ከልጅ ልጅ አፍ ያለው ብቻ ነው።

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ሥራ የፈጀን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር ከሁለት ትውልድ በኋላ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እድራችን ለሞተ አባል ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ስሙንም በመዝገቡ ያሰፍራል። እንግዲህ አንድ ተጨማሪ ደብተር ማውጣት አይከብደንም። በጠላት ዘመን ከቤተሰቡ የወደቀበት አባል ሁሉ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ትውልድ መንደሩንና ቢታወቅም የወደቀበትን ቦታ ለእድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ያልታወቀው ደግሞ ያልታወቀ ተብሎ ይጻፍ።

ይህ ሐሳብ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲታይልን የእድራችንን ዳኛና ሽማግሌዎች በአክብሮት እንጠይቃለን።