በሒሳብ ገጽ ላይ የቁጥር ስፋትና የነጥብ ስፍራ



የምድር ባቡር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከተማይቱ የብርና የፍራንክ መገናኛ መሆኗ የታወቀ ነው። የሁለቱ ገንዘብ አጻጻፍ ግን አንድ አይደለም። ብራችን በ1937 ዓ.ም. በታወጀው ሥርዐት በመቶ ሳንቲም ስለሚከፈል ከነጥቡ በስተቀኝ ሁለት አኃዝ ይሻል። የጅቡቲ ፍራንክ በተግባር ሳንቲም ስለማይቆጠርለት ምንም አይሻም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ የጸናው ምንዛሬ ደግሞ፥ ይኸውም ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 177.721 የጅቡቲ ፍራንክ፥ ሦስት አኃዝ ይሻል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዓምድ፥ ነጥብ ከነጥብ ትይዩ አድርጎ ማስፈር ለጸሐፊ ቀላል አይደለም። (በግዕዝ አኃዝማ ዜሮ ስለሌለ ችግሩ ይብሳል፤ ፱፻፺፱ አራት ምልክት ሲይዝ፥ ከእርሱ የሚበልጠው ፲፻ በሁለት ይጨርሳል።)

ሥራው ከብዕር ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ችግሩም አብሮ ሄደ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 የወጣው ፎርትራን የቁጥሩን ስፋትና የአኃዙን ብዛት አስቀድሞ በፕሮግራሙ ውስጥ ያስወስን ነበር። ኋላ በጸናው ደንቡም፥ ቁጥሩ በስፍራው ያልገባ እንደ ሆነ በፈንታው ኮከቦች ይታተማሉ።

ዴኒስ ሪቺ በ1972 ገደማ በቤል ላቦራቶሪ ያበጀው የሲ ቋንቋ ግን ለኮከብ ሌላ ሥራ ሰጠው። ፕሪንትኤፍ በተባለው ትእዛዝ ውስጥ፥ በመቶኛ ምልክትና በኤፍ ፊደል መካከል ኮከብ፥ ነጥብ፥ ኮከብ ሲጻፍ፥ ፊተኛው ስፋቱን፥ ኋለኛው የአኃዙን ብዛት ከቁጥሩ በፊት ከሚቀርቡ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ይቀበላሉ። ስለዚህ ከነጥቡ በስተግራ ሰባት ስፍራ የፈለገ ሰው ለብሩ 10 እና 2፥ ለምንዛሬው 11 እና 3፥ ለፍራንኩ 7 እና 0 ይሰጣል፤ የብሩና የምንዛሬው ነጥብ በአንድ መስመር ይውላል፥ ፍራንኩም በነጥቡ አፋፍ ይቆማል። ቁጥሩ ከስፋቱ ቢበልጥ ሲ አይቆርጠውም፤ ዓምዱ ይጣመማል እንጂ ገንዘቡ አይሰወርም። በእኔ አስተያየት ይህ ከፎርትራን ይሻላል።

ሆኖም ይህ ሁሉ የሚያሳምረው የቁጥሩን መልክ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር አሥር ሳንቲምን በሁለትዮሽ አቆጣጠር በትክክል መያዝ አይችልም፤ ሃያ አኃዝ ቢጠየቅ 0.10000000000000000555 ያሳያል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሒሳብ ሹም 1250 ብር ከ50ን በ125050 ሳንቲም ያስቀምጥና ነጥቡን በሚታተምበት ጊዜ ብቻ ያገባዋል።