የአፍአበት ውጊያ

የአፍአበት ውጊያ ከመጋቢት 8 እስከ 11 ቀን 1980 ዓ.ም. በሰሜን ኤርትራ በኢትዮጵያ ጦርና በሻዕቢያ መካከል የተካሄደ ውጊያ ነው። በውጊያው ዋና መምሪያው አፍአበት ከተማ የነበረው የናደው ዕዝ ተደመሰሰ።

ከውጊያው ጥቂት ሳምንታት በፊት የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሽነው ስለነበር የሠራዊቱ ሞራል ተጎድቶ ነበር። ሻዕቢያ ጥቃት ሲከፍት በማፈግፈግ ላይ የነበረ የታንክና የተሽከርካሪ ቅፍለት በጠባብ ሸለቆ መውጫ አጣ፤ መሣሪያው በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባም የኢትዮጵያ አየር ኃይል ቅፍለቱን ደበደበው። 3 የሶቪየት መኮንኖች ተማረኩ።

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ባሲል ዴቪድሰን ድሉን ቬትናሞች ፈረንሳይን ድል ካደረጉበት የዲየን ቢየን ፉ ውጊያ ጋር አነጻጽሮታል። መንግሥት በዚያው መጋቢት ከሶማሊያ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈራርሞ ከምሥራቅ ጦር ወደ ሰሜን አዛወረ።